የጎደለው ሩብ ግራም

ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ፣
በቀይ ቀለም ቁጥር ከተጻፈበት ግድግዳ፣
ጋሽ ሳህሉ ሚዛኑን ሲወለውል በጨርቅ፣
እኔ ወለል ስጠርግ (እኛ ቤት ጥራጊ አይጣልም፣ አቧራው ውስጥ አለ ወርቅ)
እትዬ አልጋነሽ ገባች፤
ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች፤
ከጥቁር ማተቧ ጫፍ፣ ከመስቀሏ ጎን፣ ቢጫ ክብ ነገር አወጣች።

«መዝንልኝ። የኮንዶሚኒየሙ ቅድሚያ ክፍያ
እስከ ዓርብ ነው አሉኝ። ሌላ ምን አለኝ መጠጊያ?»

ጋሽ ሳህሉ አጉሊውን ዓይኑ ላይ ሰካ፤
ዝም አለ። ደግሞ ዝም አለ። ቆይቶ «ለካ»
አለ፣ «ለካ የሮም ነው!»

እኔም አየሁት። አንገተ ደንዳና፣ ጸጉሩ በዕንቁ የታሰረ፣
አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ወደ ቀኝ የዞረ፣
ዓይኑ ነጥብ ብቻ፣ ማየት የተወ፣ መታየት የቀረ።
ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ዙሪያውን ይሄዳል፤
ከዘውዱ በላይ ግን በምስማር ተበስቷል።
የቄሳርን ግንባር ማን እንደወጋው ማን ያውቅ?
አንድ የባላገር አንጥረኛ ይሆናል፣
ንጉሥ የማያውቅ፣ የሚያውቅ ወርቅ።

«መልኩ የማን ነው?» አለች።
«የቄሳር።»
«እንግዲያ የቄሳርን ለቄሳር!»
«ቄሳርማ ሞቷል።»
«ቤቶች ልማት አልሞተም» ብላ ሳቀች፤
ሳቋ ሳል ሆነና ግድግዳውን ደገፈች።

ጋሽ ሳህሉ ነገሥታት ማቅለጥ አይደንቀውም። አባቱ
ማርትሬዛን፣ ያቺን ደረተ ሙሉ እመቤት፣ በወናፉ በእሳቱ
ስንት ጊዜ መስቀል፣ ስንት ጊዜ አምባር አድርጓታል፤
«ዘውድ ሁሉ» ይላል፣ «ሺህ ስልሳ አራት ዲግሪ ላይ ውሃ ይሆናል።»

ገለበጠው።

በጀርባው ንጉሡ ቆሟል። በአንድ እጁ ዓላማ፣
በሌላው ክንፋም ሴት፣ ከዝንብ የማትከብድ፣ ኳስ ላይ የቆመች።
«ድል ናት» አለኝ፣ «እነሱ ቤት በመዳፍ ትያዛለች።»
ከሥሩ ደግሞ፣ ስንዴ የምታህል ቦታ ላይ፣
አንድ ሰው ተቀምጧል። እጆቹ የፊጥኝ፣ አንገቱ የዘመመ።
ከዚያ ሁሉ ፊደል አንዱ እንኳ የእሱ አይደለም።

«ምርኮኛው ነው። በግራ እግሩ ይረግጠዋል፣ ልማዳቸው ነው።
እግሩ ግን የታለ?»

እግር የለም። ከጉልበቱ በታች
ወርቁ እንደ ተላሰ ከረሜላ ልስልስ ብሏል።

«ያ ፊቱ በገላዬ በኩል ነው የሚተኛ» አለች።
«ስልሳ ሁለት ዓመት። በምጡም፣ በንዳዱም።
ንጉሡ ውጭ ውጭውን ያያል፤
እኔን የሚቆረቁረኝ ይሄኛው ነው።»

ወርቅ ሲታሽ ቀድሞ የሚያልቀው ከፍ ያለው ነው፤
ጎንበስ ያለው ይቆያል። ይህን ጋሽ ሳህሉ
በሥራ ሰዓት ድምፁ ነገረኝ፣ ስለ ሞረድ እንደሚያወራ።
እኔ ግን በልቤ፦ ሰሙ ንጉሥ፣
ወርቁ እዚያች ጥግ የተቀመጠው።

ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ቆመ። አራት ግራም ከሩብ።
«ድሮ አራት ተኩል ነበር። ሩብ ግራም ጎድሏል።»
«እግሩ ነዋ!»

ዋጋውን ነገራት። ቁጥሩ አፏን አዘጋት።
ከመንገዱ ማዶ ዶዘሩ አንድ በረንዳ ከነሐረጉ ገፋ፤
የመስታወት ሣጥናችን ውስጥ ቀለበቶቹ ተንቀጠቀጡ።

«ንጉሡን ብቻ ብሸጥልህስ?»
«እትዬ፣ ሳንቲም ጀርባውን ቤት ትቶ አይወጣም።»

አሰበች። ማተቧን መልሳ አጠለቀች፤
በየትኛው ፊት እንዳዞረችው ሳላይ ነጠላው ሸፈነው።
«ዓርብ ገና ነው» አለች።
ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«አራት ኪሎ! አንድ ሰው! የሞላ!»
ቄሳር ተጣጥፎ ገባ፣ በአንዱ ክርንና በአንዷ የሽንኩርት ፌስታል መሐል።

እኔ ወደ መጥረጊያዬ። ያ ሩብ ግራም ግን የት ደረሰ?
ከቀሚሷ እጥበት ጋር ቀበና ወርዶ ይሆናል፣ እንጃ፤
አንድ የንጉሥ እግር፣ ከነጫማው፣
የሚረግጠው አጥቶ
ከሳሙና አረፋ ጋር ሲንከባለል።